ሸክምና ልብ

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ትዕይንት አለ። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሰውነታቸው የከበደ አንድ ሰው ይገባሉ። ወጣቶቹ ብድግ ብለው ቦታ ይለቃሉ። እሳቸው ግን ዝቅ ያለውን አግዳሚ ወንበር በዓይናቸው ለክተው፣ «ግዴለም፣ ቶሎ እሄዳለሁ» ብለው ከድንኳኑ በር አጠገብ ይቆማሉ። የሚያስቸኩላቸው ጉዳይ ኖሮ አይደለም። አንዴ ከተቀመጡ ለመነሣት የሁለት ሰው እጅ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ያም በሰው ሁሉ ፊት እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው። ውሎ ሲያድር ለቅሶው ይቀራል፤ ሰርጉም፣ ማኅበሩም፣ የዕድሩ ስብሰባም ይከተላል። ጎረቤት «ምነው ጠፉ?» ይላል። የጠፉት ግን ሰው ጠልተው ሳይሆን ከወንበር መነሣት ስላቃታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በአዲስ አበባም፣ በናይሮቢም፣ በጅቡቲም፣ በካምፓላም ይገኛል። አንባቢ በዓይነ ሕሊናው ይሣለው፦ ዕድሜ 56፣ ክብደት 118 ኪሎ፣ ከዓመት በፊት የልብ ሕመም ጥሎት የተነሣ፣ በጠበበው የልቡ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት የሚባለው ትንሽ የብረት መረብ የገባለት። እኚህ ሰው አንድ ቀን ማዕድ ላይ «ብረት ማንሳት ልጀምር ነው» ቢሉ ቤቱ አራት ድምፅ ይሰማል። ሚስት «ልጆቼን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?» ትላለች። ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አባዬ፣ ተው እባክህ» ትላለች። የዘመድ ልጅ የሆነው ጎረምሳ ክንዱን እያሳየ «ይቻላል! ምንም አይሆኑም፣ ነገ እኔ ጋ ይምጡ» ይላል። ሐኪሙም ቀደም ሲል «እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ግን ይጠንቀቁ» ብሏቸዋል። በእነዚህ አራት ድምፆች መካከል የተቀመጠው ጥያቄ የሕክምና ብቻ አይደለም። ለሰው የተሰጠ ሕይወት የሚጠበቀው ሳይነኩት በማስቀመጥ ነው ወይስ በመጠቀም? ወዳጅስ ወዳጁን የሚጠብቀው እስከ ምን ድረስ ነው?

የዕረፍት ታሪክ

የአበው ተረት መልሱን አስቀድሞ የሰጠ ይመስላል፤ «ካልጠገቡ አይዘሉ፤ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላል። ተረቱ እውነት አለው። ስብራት የሚመጣው ከዝላይ ነውና። ይሁን እንጂ ተቀምጦ ስለሚሰበረው ሰው የሚለው ነገር የለም። የሕክምና ታሪክም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ተረት መንገድ ተጉዟል።

እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ የልብ ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚከተለውን ሕመም በዝርዝር ባቀረበበት ጽሑፉ፣ በሽተኛው አልጋ ላይ ፍጹም ዕረፍት ማድረግ እንዳለበት አሳሰበ። ምክሩ ከጊዜ በኋላ ሕግ ሆነ። ልቡን የታመመ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ፣ በራሱ እጅ እንኳ እንዳይጎርስ ይደረግ ነበር። አሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ የቆሰለ ልብ ጠባሳው እስኪጠና ማረፍ አለበት የሚል ነበር። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድላል። ጡንቻውም ይሟሽሻል፤ መንፈሱም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦስተን ውስጥ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን በሽተኞችን ከአልጋ አንሥተው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ ይህም እንደማይጎዳቸው አሳዩ። ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ እንደ ድፍረት የተቆጠረበት ዘመን ነበር።

በተከታዩ ዓመት በለንደን የጄሪ ሞሪስና የባልደረቦቹ ጥናት ታተመ። ጥናቱ በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ፣ ሲመጣም የዘገየና ገዳይነቱም የቀለለ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት ሾፌሮቹ ቀድሞውንም ወፍራሞች ስለነበሩ ይሆን የሚል ተገቢ ጥያቄ ተነሣ። በእርግጥም የደንብ ልብሳቸው ልክ ሲመረመር የሾፌሮቹ ወገብ የሰፋ ሆነ። ነገር ግን ቀጭኑን ከቀጭን፣ ወፍራሙን ከወፍራም ጋር አስተያይተው ሲያዩት እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። ወፍራሙ ቲኬት ቆራጭ ከወፍራሙ ሾፌር ይሻል ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1802 በታተመው የእንግሊዛዊው ሐኪም የዊልያም ሄበርደን መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጭር ነገር ተጽፎ ነበር፤ ደረቱን የሚያመው አንድ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት መሰንጠቅን በመጋዝ እንደ ሥራ ይዞ ሊድን ምንም እንዳልቀረው ይናገራል። ያ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ለመቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቆይቷል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት «ሐኪሞች ተሳስተው ነበር» የሚል ብቻ አይደለም። ከባዱ ትምህርት ሌላ ነው፤ አለመንቀሳቀስም ድርጊት ነው። አደጋ የሚያደርስ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚከለክልም ሰው ተጠያቂ ነው። በዝላይ የሚመጣ ስብራት ድምፅ ስላለው ሁሉም ይሰማዋል። በመቀመጥ የሚመጣው ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ማንም ራሱን አይወቅስበትም።

ውፍረት ፍርድ ነውን?

በዚህ አካባቢ ውፍረት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበታል። ቀድሞ የምስጋና ፍርድ ነበር፤ «ደላው»፣ «አማረበት»፣ «ፊቱ መለስ አለ» ይባል ነበር። ረሀብን በዓይኑ ያየ ሕዝብ የጠገበ ሰውነትን ቢያደንቅ አያስገርምም። አሁን ደግሞ በከተማው የወቀሳ ፍርድ መጥቷል። ወፍራም ሰው ሆዳም፣ ሰነፍ፣ ራሱን መግዛት ያቃተው ተደርጎ ይታያል። ሁለቱም ፍርዶች ሰውነትን አይተው ሰውየውን ሳያዩ የሚያልፉ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች ቁጥር 890 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ በድንገት ምግባሩ ተበላሸ ማለት አይቻልም። የተለወጠው ሥራው፣ ምግቡ፣ መንገዱ፣ እንቅልፉ ነው። የዘር ውርስም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። እርግጥ ነው፣ ይህ ማለት ሰው በገዛ አካሉ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም ማለት አይደለም። ጥፋተኝነትና ኃላፊነት ግን አንድ አይደሉም። ቤቱ በጎርፍ የተሞላ ሰው ጎርፉን አላመጣውም፤ ውኃውን መጥረግ ግን የእሱ ሥራ ነው። ጎረቤትም ባልዲ ይዞ መምጣት ይገባዋል እንጂ ደጅ ቆሞ መሳቅ አይገባውም።

ስፖርት ቤት በር ላይ የሚሆነው ይኸው ሳቅ ነው። መስታወት በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ 118 ኪሎ ይዞ መግባት ብረቱን ከማንሣት የከበደ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ በር ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከኀፍረቱ ለማምለጥ ሲል ከአቅሙ በላይ ያነሣል፤ ፌዝ ሰውን ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ገደልም ይገፋል። በመሆኑም በሌላው አካል ላይ መሳለቅ የጨዋነት ጉድለት ከመሆን አልፎ በጤናው ላይ መተባበር ይሆናል።

የአክብሮት ሸክም

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። በዚህ ባህል ታላቅን ማክበር ማለት ሸክሙን መቀበል ማለት ነው። ዘንቢል ይዞ የመጣ ሽማግሌ ደጅ ሳይደርስ ልጅ ሮጦ ይቀበለዋል። አባወራ ውኃ ቀድቶ፣ ወንበር አንሥቶ ከታየ ቤተሰቡ ያፍራል። መልካም ልማድ ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም። ነገር ግን ሸክም የድሃ፣ ዕረፍት የባለጸጋ ምልክት ሆኖ በመኖሩ፣ ሰው ኑሮው ሲሻሻል ክንዱና ጭኑ ሥራ ይፈታሉ። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከወገባቸው ጎብጠው በሚያልፉበት ከተማ፣ ሌላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ብረት ያነሣል። ነገሩ ፌዝ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የእናቶቹ ሸክም ልክ የለውም፤ ዕረፍት የለውም፤ ምርጫም የለውም። ስለዚህ ያደክማል እንጂ አያበረታም። ለጥንካሬ የሚነሣ ክብደት ግን በልክ የሚጀመር፣ በዕረፍት የሚከፈል፣ በፈቃድ የሚጨምር ነው።

የሰውነት አሠራርም ይህን ያስረዳል። ሰው ዕቃ ሲያነሣ የደም ግፊቱ የሚወጣው በዕቃው ክብደት ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከአቅሙ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ነው። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የማንሣት አቅሙ ከ25 ኪሎ ለማያልፍ ሰው ይህ የመጨረሻ ትግል ነው፤ ልቡም እንደዚያው ይታገላል። አቅሙ 40 ኪሎ ለደረሰ ሰው ግን ግማሽ ሥራ ነው። እንግዲህ የጠነከረ ጡንቻ የልብ አገልጋይ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ሸክም ከልብ ላይ ያቀልላል። ሁልጊዜ «እኔ ልያዘው» የሚለው ፍቅር ሳያውቀው ይህን አገልጋይ ያሰናብታል። ፍርሃት የፍቅርን ልብስ ሲለብስ መለየት ያስቸግራል። መለያው ምናልባት ይህ ነው፤ ፍቅር ሰውየው ነገ ብቻውን እንዲነሣ ይፈልጋል፤ ፍርሃት ግን ዛሬ እንዳይወድቅ ብቻ።

ልክ

ይህ ሁሉ ለጎረምሳው «ይቻላል» ድል የሚሰጥ ከመሰለ ስሕተት ነው። የጥንት ግሪኮች ክሮቶን ከምትባል ከተማ ስለ ተነሣው ስለ ሚሎ ይናገሩ ነበር። ሚሎ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃው ሲያድግ አብሮ ጉልበቱ አድጎ በሬ ለመሸከም በቃ ይባላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአማርኛ ተረት ሌላ መልክ ነው። የዚሁ ሰው አሟሟት ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። በሽብልቅ የተሰነጠቀ ግንድ አይቶ በእጁ ልገንጥለው ሲል ሽብልቁ ወደቀ፤ ግንዱ እጁን ነክሶ ያዘው፤ አውሬ በላው ይላሉ። ያው አንድ ሰው በትዕግሥቱ ከበረ፤ በትዕቢቱ ሞተ።

አርስቶትልም ስለ ልክ ሲያስተምር ይህንኑ ሚሎን ይጠቅሳል፤ ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ለጀማሪ ስፖርተኛ ይበዛል ይላል። ጀግንነትም ለእሱ በፈሪነትና በግዴለሽነት መካከል ያለ ነው፤ መካከሉ ግን እንደ ሰዉ ይለያያል። አማርኛ ይህን በአንድ ቃል ይዞታል። «ልክ» ማለት መጠን ነው፤ «ልክ ነህ» ማለት ደግሞ እውነት አለህ ማለት ነው። በመጠን የሆነና ትክክል የሆነ አንድ ስም አላቸው። የንስሐ አባትም ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ስግደት አያዝዙም፤ እንደ አቅሙ ነው። በእስልምናም የታመመ ሰው ከጾም ይፈቀድለታል። የአቅምን ልክ ማወቅ ከሃይማኖት ትእዛዝ መሸሽ ተደርጎ አልተቆጠረም፤ የትእዛዙ አካል ነው።

ልክን መሳት ምን እንደሚያደርስ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጠንካራ ስፖርተኞች በእግራቸው እጅግ ከባድ ክብደት ሲገፉ የደም ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደረሰ፤ የአንዱ 480 በ350 አለፈ። ትንፋሽን አፍኖ ማማጥ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር። ጤነኛ ወጣት ለቅጽበት ይቋቋመው ይሆናል፤ የታመመ ልብ ግን እንዲህ ባለ ፈተና ውስጥ መግባት የለበትም።

ስለዚህ ጥንቃቄ ማለት «ተው» ማለት ሳይሆን ቅደም ተከተል ማወቅ ማለት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የሚደረገው ስፖርት ቤት ሳይሆን ሐኪም ፊት ነው። «የልብ ድካም» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ብዙ ሕመም ነው። የጠበበ የልብ ደም ሥር፣ የደከመ የልብ ጡንቻ፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የተበላሸ የልብ በር አንድ አይደሉም። ደረቱ ላይ የሚሰማው ሕመም እየባሰ የሄደ ወይም በዕረፍትም የሚመጣበት፣ ልቡ ደክሞ እግሩ የሚያብጥና ተኝቶ መተንፈስ ያቃተው፣ የልቡ ምት ሥርዓት ያጣ፣ ደም ከልብ የሚወጣበት በር በጣም የጠበበበት፣ ወይም የደም ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ የሆነ ሰው አስቀድሞ መታከም እንጂ ክብደት መንካት የለበትም። ደረቱ ተከፍቶ የተቀደደም ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ብዙ ሳምንታት ይቆያል። ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት ፍርሃት አይደለም፤ ልካቸው ነው።

ሐኪም የፈቀደለት ግን በትንሹ ይጀምራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2007 እና በ2023 ባወጣቸው መግለጫዎች ሕመማቸው የረጋላቸው የልብ ሕሙማን ክብደት ቢያነሡ እንደሚጠቀሙ አስታውቋል። አጀማመሩ ተራ ነገር ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዝግ ያለ የእግር ጉዞ፤ ከፍ ካለ ወንበር ላይ መነሣትና መቀመጥ፤ ቆሞ ግድግዳን በሁለት እጅ መግፋት፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ማንሣት። ሳይደክሙ 10 እስከ 15 ጊዜ መደጋገም የሚቻለው ክብደት ይመረጣል። በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት ተደርጎ ይሠራል። ሲያነሡ ትንፋሽን ማውጣት፣ ሲያወርዱ ማስገባት እንጂ ማፈን ክልክል ነው። በሥራው መካከል ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው ልኩን አልፏል።

ወፍራም ሰው ጀርባው ላይ ተዘርግቶ መሥራት ትንፋሹን ስለሚያጥረው ተቀምጦ ወይም ቆሞ ቢሠራ ይሻለዋል፤ የሚቀመጥበትም መሣሪያ ክብደቱን የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። የልብ ምትን የሚያዘገየውን መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከርን፣ የሚወስድ ሰው የልብ ምቱን ቆጥሮ ድካሙን መለካት አይችልም፤ መድኃኒቱ ያታልለዋልና። የግፊት ክኒን የሚውጥ ድንገት ብድግ አይበል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ መውደቅንና መመታትን ይጠንቀቅ። በጅቡቲ ሙቀት የሚኖር የጠዋቱን ሰዓት ይምረጥ፤ ከባሕር ዳርቻ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ የመጣም አየሩን እስኪለምድ ይቀንስ። ደረት ሲጨመቅ፣ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅ፣ ራስ ሲዞር ወዲያው ማቆምና እርዳታ መጥራት ይገባል። «ይህቺን ልጨርስ» የምትለው ቃል የሚሎ ሽብልቅ ናት።

የሚዛኑም ቁጥር በዚህ ብቻ በፍጥነት እንደማይወርድ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ክብደት ማንሳት በዋነኛነት የሚሰጠው አቅም ነው። ሚዛን ላይ ብቻ የሚጠብቀው ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ከወንበር ሲነሣ የሚቆጥረው ግን ለውጡን ያገኘዋል።

ቢሞትስ?

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ቀላልም አይደለም። ሁሉን ተጠንቅቆ፣ ሐኪሙን ጠይቆ፣ በልኩ ጀምሮ አንድ ቀን ክብደት ይዞ ቢሞትስ? ሚስት «ብዬ ነበር» አትልምን? ትላለች፤ ሐዘኗም እውነት ይሆናል። ነገር ግን በልክ የተደረገ ነገር በውጤቱ ብቻ አይፈረድበትም። ወንበር ላይ ሆኖ የሞተን ሰው ማንም «ወንበር ገደለው» ብሎ አያለቅስም፤ ምናልባት ግን የገደለው እሱ ነበር። አደጋ የሌለበት መንገድ ለእንዲህ ያለ ሰው አልቀረለትም። የቀረለት የትኛውን አደጋ ለምን ሲል እንደሚቀበል መምረጥ ነው። ይህ ምርጫ የራሱ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ማወቅ፣ መጠየቅ፣ አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል። ሰውየውም ቤተሰቡን ደብቆ በድፍረት ቢጀምር ልክን ስቷል፤ ሕይወቱ የሱ ብቻ አይደለምና።

ሌላም ፍትሕ የሚጠይቅ ነገር አለ። «ሐኪም ጠይቅ» የሚለው ምክር ለአንዱ የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን ለሌላው የወራት ወረፋና የማይችለው ወጪ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ የግለሰብ በጎነት ብቻ ሊሆን አይችልም። ዕድር ለቀብር የሚያዋጣውን ያህል ባይሆንም ጥቂቱን ለምርመራ ቢያስብ፣ ሰፈር ወፍራሙ ሰው ሳይሳቅበት የሚራመድበትን መንገድ ቢያዘጋጅ፣ ለሬሳ የሚደረገው ክብር ለነፍስ ላለው ሰው ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

አማርኛ ልብን የማስተዋል ማደሪያ አድርጎታል። ለችኩል ሰው «ልብ ግዛ» ይባላል። ልቡን የታመመ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ከፍርሃትም ከጉራም የማይገዛ ልብ። በአንድ ጧት የወንበሩን መደገፊያ ሳይዝ፣ ትንፋሹን ሳያፍን፣ ዝግ ብሎ ይነሣል። አጨብጫቢ የለም። ልጁ እጇን ልትዘረጋ ብላ ትመልሰዋለች፤ መመለሷም ለእሷ ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ገብቶ ከሰው እኩል ይቀመጣል፤ ሊያጽናና የመጣውንም ወዳጁን አጽናንቶ ሲያበቃ በራሱ ጉልበት ተነሥቶ ይወጣል።